የመጀመሪያው ልክ ነበር

ለማርታ አባት፣ ባለህበት፤

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንተን ምን ብዬ እጠይቅሃለሁ? የእኛን ልንገርህ፤ እኛ ደህና ነን። ከተለየኸን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ገብቷል። ይህን ስጽፍልህም ዝናቡ እንደ ልማዱ ከሰዓት በኋላን ጠብቆ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። አንተ ብትኖር የድምፅ መቅረጫውን አጥፍተህ፣ ይኼ ዝናብ የሚመጣው እኛን ለማናደድ ብቻ ነው እያልክ ትነጫነጭ ነበር።

እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም። እሑድ እሑድ ከጸሎት መልስ መቃብርህ ዘንድ ብቅ እያልኩ የቤቱንም የጎረቤቱንም ወሬ አራግፌልህ እመለስ ነበር። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን አልመጣሁም። አሞኝ አይደለም፣ ሥራም በዝቶብኝ አይደለም። ተቀይሜህ ነው። በሞተ ሰው ላይ ቅያሜ ይያዛል ወይ ትል ይሆናል። እኔ ይዤብሃለሁ። ፊት ለፊት ልንገርህ ብል ለቅሶ እንደሚቀድመኝ ስለማውቅ በጽሑፍ ይሁን አልኩ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ማርታ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሩቅ አገር እመደባለሁ ብላ ሻንጣ እስከ መግዛት ደርሳ ነበር፤ እዚሁ ዲላ ሲደርሳት ሦስት ቀን አኮረፈች። አሁን ለምዳዋለች። አቮካዶው ጎረቤት ጣሪያ ላይ እየተጋደመ ስላስቸገረ ትልቁን ቅርንጫፍ አስቆርጬዋለሁ፤ አትቆጣ፣ ፍሬው አልቀነሰም። ባጃጆቹ ተራቸውን ከመታጠፊያው አንስተው እኛ በር ላይ አድርገውታል፤ ቀኑን ሙሉ "ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒቨርሲቲ" እያሉ ይጣራሉ። በዚህ ጫጫታ አንድ ትምህርት እንኳ ቀርጸህ አትጨርስም ነበር። እኔ አሁንም እዚያው መዝገብ ቤት ነኝ፤ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ትንሿ ክፍልም እንደተውካት ናት። ጆንያዎቹን አላወረድኳቸውም።

ጆንያዎቹን ባየሁ ቁጥር ነገሩ ሁሉ ከመጀመሪያው ይመጣብኛል። መንገድ ሥራው ላይ ስትቀጠር ድንጋይ ጫኝ ነበርክ። ቻይኖቹ ሥራቸውን ጨርሰው ካምፑን ሲነቅሉ ግን ያላንተ ከማንም ጋር የማይግባቡ ሆነው ነበር። ቋንቋውን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረህም፤ ከሾፌሩ፣ ከበያጁ፣ ከፎርማኑ አፍ እየለቀምክ ነው የያዝከው። ከዚያ ሐዋሳ ፋብሪካ መቀጠር የሚፈልገውም፣ ቡና ለውጭ ገዢ ለመሸጥ የሚያስበውም አስተምረን እያለ በራችንን ማንኳኳት ጀመረ። ከተማሪዎችህ አንዱ ታሪኩ ነበር፤ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ቤታችን ሲገባ ድስት ከፍቶ የሚያይ፣ እንደ ታናሽ ወንድም የያዝነው ሰው። ትምህርቱን በድምፅ ቀርጸን ኢንተርኔት ላይ እንጫነው ያለው እሱ ነው። አንተም ከቡና መጋዘን ያረጁ ጆንያዎች ለምነህ አመጣህና፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብለህ የትንሿን ክፍል ግድግዳም ጣሪያም አለበስከው። ክፍሏ ዛሬም ጥሬ ቡና ትሸታለች።

መምህሩ አንተ፣ ተማሪዋ እኔ። እሑድ ምሳ ተበልቶ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ገብተን በሩን እንዘጋለን። አንተ ዓረፍተ ነገሩን በቻይንኛ ትላለህ። ከዚያ የሚማረው ሰው ቤቱ ሆኖ እንዲደግመው ዝም እንላለን፤ አራት ጣትህን አንድ በአንድ እያጠፍክ አራት ሰከንድ ትቆጥራለህ። ቀጥሎ ተማሪዋ እመልሳለሁ፤ ላኦሺ እያልኩ፣ መምህር ማለት ነው። በዚያች አራት ሰከንድ ውስጥ ሆዴ እየጮኸ ስንት ጊዜ በሳቅ ተበላሽቶብን እንደገና ጀምረናል። ጉሮሮዬ እንዳይደርቅ ዝንጅብል አፍልተህ በፔርሙስ ይዘህልኝ ትገባ ነበር። ይህንንም አልካድኩህም።

ኮንጋ ለሠርግ የሄድን ጊዜስ? ከሞተር ወርዶ ውሃ የጠየቀኝ ሰው ድምፄን ሰምቶ፣ "የቻይንኛዋ ተማሪ አንቺ ነሽ እንዴ?" ብሎ እጄን ይዞ አልለቅም አለ። አንተ ደረትህን ነፍተህ መምህሩ እኔ ነኝ አልከው። ቀኑን ሙሉ በዚያች ስትኮራ ዋልክ፤ እኔም ኮራሁብህ።

ትምህርት ሦስት ስለ ቤተሰብ ነው። "የባለቤትሽ ስም ማን ነው?" ብለህ ትጠይቃለህ፤ እኔ ስምህን ጠርቼ መመለስ አለብኝ። እናቴ አባቴን በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። እኔም ማርታ ሳትወለድ "አንተ"፣ ከተወለደች ወዲህ "የማርታ አባት" እንጂ ስምህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። መቅረጫው እየሠራ አፌን ይዤ ሳቅኩ። ዓይንህን አፍጥጠህ ጠበቅከኝ። ከዚያ በቻይንኛ፣ የባለቤቴ ስም በየነ ነው አልኩ። ያደፋፈረኝ ቻይንኛ መሆኑ ነው፤ በአማርኛም በጌዴኡፋም ቢሆን አልለውም ነበር። አንተ ግን ስምህን ስጠራ የመጀመሪያዬ መሆኑን እንኳ ልብ አላልክም። "ዜማው ጠፍቷል፣ እንደገና" አልክ። አራት ጊዜ አስደገምከኝ።

እንዲህ ነበርን አራት ዓመት። ቻይንኛ ድምፅ ሲወጣና ሲወርድ ትርጉሙ የሚለወጥ፣ ዜማ ያለው ቋንቋ ነው ብለህ የነገርከኝ አንተው ነህ። ለልምምድ ያመጣሃቸውን የቻይና ፊልሞች ልብስ ስተኩስ ከፍቼ እሰማቸው ነበር፤ ጆሮዬ የያዘውን እንደ መዝሙር አድርጌ እመልስልህ ነበር። አንተ ሁልጊዜ "እንደገና፤ እኔን ስሚ" ትላለህ። እኔም አንተን ሰምቼ አንተ እንዳልከው እላለሁ። እሱ ይያዛል፣ የመጀመሪያው ይጣላል። አንድ ቀን እንዲያውም ታሪኩ ፊት፣ "የሷ ጆሮ ለመዝሙር እንጂ ለቋንቋ አልተፈጠረም" ብለህ አሳቅክብኝ። እኔም አብሬ ስቄ ነበር።

በኋላ ለመዝሙሩም አልሆነም። ከልጅነቴ ጀምሮ በመዘምራኑ መካከል መዝሙር የማነሳው እኔ እንደነበርኩ ታውቃለህ። ዜማው ጠፍቶብሻል ሲባል የከረመ ሰው ግን ራሱን መጠርጠር ይጀምራል። አንድ እሑድ መዝሙር አንስቼ መሃል ላይ ልክ ነኝ ወይ የሚል ሐሳብ መጣብኝና ዝም አልኩ። ጉባኤው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ኋላ ረድፍ ሄድኩ፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ጭራሽ ተውኩት። ለምን ተውሽ ብለህ አልጠየቅከኝም። ደክሞሽ ይሆናል፣ እረፊ ነው ያልከኝ።

አሁን ወደ ቅያሜዬ ልምጣ። ከሦስት ወር በፊት ታሪኩ እኛ ቤት መጣ። ዛሬ የራሱ ቢሮ አለው፤ ኮርሱን የሚከታተለውም ሰው በዝቷል። "እትዬ፣ የድሮዎቹን ትምህርቶች አፕዴት ልናደርጋቸው ነው። ሳውንዳቸውን ብቻ ነው የምናጸዳው። ኦሪጅናሉ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ብትሰጪኝ" አለኝ። ድምፅህ ጥርት ብሎ ሊሰማ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ዲስኩ የማርታ የሕፃንነት ልብስ ያለበት ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ያልተቆረጠው፣ የተጣለው፣ ሳቁም ሳሉም ሁሉ ያለበት። እኔ ከመዝገብ ቤት አንዲት ወረቀት ሳላስፈርም አውጥቼ የማላውቅ ሴት ነኝ። የራሴን ኃላፊ እንኳ ኮፒውን ይውሰዱ፣ ዋናው አይወጣም እላቸዋለሁ። ያንተን ዋና ግን በነጭ መሐረብ ጠቅልዬ፣ ቅጂ ሳላስቀር፣ ሳላስፈርም ሰጠሁት። በር ድረስም ሸኘሁት።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ፀጉሬን ልሠራ ዝናሽ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ዝናሽ ሐዋሳ የመቀጠር ሐሳብ ስላላት የሰው ፀጉር እየሠራች ስልኳን መስታወቱ ሥር አስደግፋ ቻይንኛ ትማራለች፤ ተማሪዋ እኔ መሆኔን አታውቅም። የማላውቀው ወንድ በቻይንኛ "የባለቤትሽ ስም ማን ነው?" ሲል ሰማሁ። ወጣት ነው፤ የሬዲዮ ሰው የሚመስል የተሞረደ ድምፅ አለው። አራት ሰከንድ ዝም አለ። ዝናሽ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ደገመችው። ከዚያ አንዲት ሴት አፍራ ሳቀችና የባለቤቴ ስም በየነ ነው፣ ላኦሺ አለች። ያቺ ሴት እኔ ነኝ።

ምን እንደተሰማኝ ሳልሸፋፍን ልንገርህ። ሰው ፊት ልብሴን የገፈፉኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ላንተ የሳቅኩትን ሳቅ ለማላውቀው ሰው እየሳቅኩለት ነው። እሱን መምህሬ እያልኩ ያንተን ስም እየነገርኩት ነው። ሌሎቹንም እስቲ ክፈቺልኝ አልኳት። በከፈተችው ሁሉ ውስጥ እኔ አለሁ፤ በአንዱም ውስጥ አንተ የለህም። በግማሽ የተሠራ ፀጉሬን በሻሽ ሸፍኜ ወጣሁ።

ታሪኩ ቢሮ የደረስኩት በባጃጅ ይሁን በእግሬ አላስታውስም። ያልኩትን ሁሉ አልጽፍልህም፤ በቤቴ የበላውን ምሳ ሁሉ እስከ መቁጠር ደርሻለሁ። አንገቱን ደፍቶ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ "እትዬ፣ ጋሼ ራሱ ያዘዘኝን ነው ያደረግኩት" አለኝ። አላመንኩትም። ስልኩን አወጣና፣ ጉበትህን ታመህ ሐዋሳ ተኝተህ ሳለ የላክህለትን የድምፅ መልእክት ከፈተልኝ።

ከሞትክ ወዲህ ደፍሬ ያልከፈትኩት ድምፅህ ነበር። ደክሞሃል፣ ግን አንተ ነህ፤ ከኋላህ የሆስፒታል አልጋ ጎማ ሲንኳኳ ይሰማል። ያልከውን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ መስማቴን እንድታውቅ ግን ልድገመው። "እኔ ስሞት የኔን ድምፅ ከትምህርቱ አውጣው። ቋንቋውን ከመንገድ ነው የለቀምኩት፤ ዜማዬ ጠማማ ነው። ቻይና የሄዱ ተማሪዎቼ ሰው ሳቀብን ብለው ጽፈውልኛል። የማርታን እናት ድምፅ ግን እንዳትነካ። እኔ ያረምኩትን አይደለም፣ የመጀመሪያውን ውሰድ፤ ዲስኩ ላይ አለ። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ልክ ነበር። ለሷ ግን እንዳትነግራት።" የላክህበትን ሰዓት አየሁት። ሾርባ ልገዛልህ ወጣ ያልኩበት ሰዓት ነው።

እንግዲህ ተቀየምኩህ። ታሪኩን አይደለም፤ እሱ ሳውንድ ብቻ ነው ብሎ ስለዋሸኝ ተቆጥቼዋለሁ፣ አልፏል። የተቀየምኩት አንተን ነው። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ልክ ነበር። ይህችን ለመናገር አራት ዓመት ነበረህ። ዝናቡ እስኪያባራ በጆንያዎቹ መሃል ቁጭ ብለን ያን ዝንጅብል ስንጠጣ ልትላት ትችል ነበር። መዝሙሩን ትቼ ኋላ ወንበር ላይ ስቀመጥ ልትላት ትችል ነበር። ሆስፒታል እግርህን ሳሽልህ፣ ሌላ የምንነጋገረው ነገር ጠፍቶን ጣሪያውን ስናይ ልትላት ትችል ነበር። ለታሪኩ ነገርከው። ለኔ እንዳይነገረኝ ደግሞ አስጠነቀቅከው። ለእኔ የሚገባኝን ቃል ለሌላ ሰው ሰጥተህብኝ ሄድክ።

ሌላ ሴት ይዘህ ቢሆን ኖሮ እንዴት እንደምናደድ የሚያሳዩኝ ሴቶች ሰፈራችን ሞልተዋል። ይኼን ግን ለማን አቤት እላለሁ? ለእህቴ ብነግራት "ታዲያ በቻይንኛ ነው የተጣላችሁት?" ብላ ሳቀችብኝ። መምህሩ አንተ ነበርክ፤ ተማሪዋ ልክ ስትሆን መምህሩ ምን ይሁን? ይገባኛል። መግባቱ ግን አላበረደኝም።

ዲስኩን አስመለስኩ። በዚህኛው ጊዜ የርክክብ ወረቀት አዘጋጅቼ ሁለታችንም ፈረምን። ማርታ ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችልኝና ብቻዬን ተወችኝ። እውነቱን ለመናገር የሰማሁት ለመናደድ ነበር፤ ስንት ጊዜ "እንደገና" እንዳልከኝ ቁጥሩን ልይዝብህ። ትምህርት ሰባት ላይ ደረስኩ፤ ገበያ ስለመውጣት ነው። ሦስት ጊዜ አርመኸኛል። ከዚያ ወጡ ሊያርር ነው ብዬ ስወጣ ይሰማል፤ በሩ ይዘጋል። መቅረጫውን አላጠፋኸውም።

ብቻህን ነህ። ጉሮሮህን ጠረግክ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን አልክ፣ እንደ ራስህ ግን አይደለም። እኔ መጀመሪያ እንዳልኩት ለማለት እየሞከርክ ነው። አልሆነልህም። "እንደገና" አልክ፣ ለራስህ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ዘጠኝ ጊዜ ሞከርክ፤ ዘጠኝ ጊዜም አልሆነልህም። ከወጥ ቤት በኩል ድስቱን ሳማስል ይሰማል። ከዚያ በሩ ተከፈተና ገባሁ። አንተ ምንም እንዳልተፈጠረ "በይ፣ ትምህርት ስምንት" አልክ።

ትምህርት ሰባት እኮ የመጀመሪያው ዓመት ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረህ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ሦስት ዓመት አረምከኝ። ይህን መስማቴ ቅያሜዬን ቀነሰልኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ጨመረው። ግን እዚያው ቦታ ላይ እየመለስኩ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ያ ሁሉ ሰው ላኦሺ የሚለው ትልቅ ሰው፣ ሚስቱ እንዳትሰማው ፈርቶ እንደ ሚስቱ ለመናገር ሲለፋ። ተማሪዬ ነበርክ፣ እኔ ሳላውቅ። ብትነግረኝ ኖሮ አስተምርህ ነበር፤ ታግሼ፣ ሰው ፊት ሳላስቅብህ።

ባለፈው ሳምንት ታሪኩ ተመልሶ መጣ። ከሠላሳኛው በላይ ያሉት ትምህርቶች ገና አልታደሱም፤ የዚያን ወጣት ድምፅ ትተን መምህሯ አንቺ ሁኚ ነው የሚለኝ። ሁለት ነገር ጽፌ አስፈረምኩት። ያ ሰው ከትምህርት ሦስት ይወጣል፤ ያንተን ስም ለእንግዳ ሰው አልናገርም። ዋናው ዲስክ ደግሞ ሁለተኛ ከቤቴ አይወጣም። ያንተን ድምፅ መልስ ግን አላልኩትም። ይውጣ ያልከው አንተ ነህ፤ የሚማረውም ሰው ቻይና ሄዶ እንዲሳቅበት አልፈልግም። ድምፅህ እኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ ከነጠማማነቱ። የመዘምራኑ ልምምድ አሁንም ሐሙስ ሐሙስ እንደሆነ ጠይቄያለሁ። ገና አልሄድኩም።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ እንድዘጋው አትጠብቅ፤ አልደረስኩበትም። እንደማልረሳህ ግን ቃሌን እሰጥሃለሁ። ሁለቱንም አልረሳም፤ ታሪኩ ፊት ያሳቅክብኝንም፣ ብቻህን ዘጠኝ ጊዜ የሞከርከውንም። በሚመጣው እሑድ እመጣለሁ። ብዙ ወሬ አትጠብቅ።

ትናንት ጠዋት ባጃጆቹ ሳይበዙ ትንሿ ክፍል ገብቼ ትምህርት ሦስትን እንደ አዲስ ቀረጽኩት። መምህሯም ተማሪዋም እኔው ነኝ። ጠየቅኩ፣ መለስኩም፤ የባለቤቴ ስም በየነ ነው። አላፈርኩም። እንደገናም አላልኩም፤ የመጀመሪያውን ያዝኩት። ከዚያ የሚማረው ሰው እንዲደግመው ዝም አልኩ። የእኛ ዝምታ አራት ሰከንድ ነበር፤ እኔ ጣቴን እያጠፍኩ እስከ ዘጠኝ ቆጠርኩ። ታሪኩ ሲሰማው "እትዬ፣ ይኼ ረዝሟል፣ ልቁረጠው" አለኝ። እንዳትነካው አልኩት፤ ቶሎ የማይሆንለት አንድ ተማሪ አለኝ።

የማርታ እናት